ውሃ በአዲስ አበባ ስንት ላይ ይፈላል?

ይህ ጽሑፍ በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ካደረግኩት ንግግር የተወሰደ ነው። ስጽፈው ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። በመሃል የተነሱትን ጥያቄዎች ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስንት ሥራ እያለ፣ እዚህ መጥታችሁ ስለተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወሬ ከመጀመሬ በፊት ምድጃውን ላብራ። ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ድስቱ ውስጥ ልክ አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ አለ። ይህ ቀጭን ብርጭቆ ቴርሞሜትር ነው። ጫፉ ውሃው ውስጥ ገብቷል። የድስቱን ወለል ግን እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥዬዋለሁ። ከነካ የብረቱን ሙቀት ነው የሚነግረን፤ የውሃውን አይደለም። አሁን 20 ዲግሪ ይላል። ቁጥሩን የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንቺ፣ ከፊት ያለሽው። ስንተኛ ክፍል ነሽ? አምስተኛ? ጎበዝ። ነይ እዚህ ቁሚ። ስጠይቅሽ ጮክ ብለሽ ትነግሪናለሽ። እንዳይፈጅሽ ራቅ በይ።

አሁን ሁላችሁንም ልጠይቅ። ይህ ውሃ ሲፈላ ቴርሞሜትሩ ስንት ይላል?

“መቶ!” አላችሁ። አዳራሹ ሙሉ። ሌላ መልስ አልሰማሁም። እሺ፣ እናያለን።

እስኪፈላ ድረስ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን አንድ ቀን ቴርሞሜትር ይዘው ገቡ። በዚያን ጊዜ ቴርሞሜትር በዓይን ማየት ብርቅ ነበር። ውሃ ጣድን። ውሃው ፈላ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። መጽሐፋችን ደግሞ 100 ይላል። መምህራችን ቴርሞሜትሩን አወጡት፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ከተቱት። ያው 92። ትንሽ አሰቡና “ተበላሽቷል፤ እናንተ 100 ብላችሁ ጻፉ” አሉን። ጻፍን። ፈተናም ላይ 100 ብለን አለፍን።

እኔ ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ። ዓይኔ ያየው 92 ነው፣ እጄ የጻፈው 100። ቴርሞሜትሩ እንዳልተበላሸ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ትክክለኛውን እየነገረን ነበር። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለዚያ ነው። ልጆቻችሁ ያዩትን እንዲጽፉ እፈልጋለሁ።

ፈላ? አዎ፣ ፈላ። ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ስንት ይላል?

“ዘጠና ሁለት!”

አንድ አባት ከኋላ “ገና ነው፣ ይጨምራል” አሉ። መልካም። ምድጃውን አላጠፋውም። እየፈላ ይቆይ። እርስዎም ይጠብቁ፣ እኛም እንጠብቃለን።

እስከዚያው ከመሠረቱ እንነሳ። በዙሪያችን ያለው ነገር ሁሉ በጣም ጥቃቅን ከሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ጠጣር ውስጥ ቅንጣቶቹ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እንደተጣበቡ ተሳፋሪዎች ናቸው። ይነቃነቃሉ፤ ቦታቸውን ግን አይለቁም። ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ የበዓል ዋዜማ መርካቶ ነው። እየተነካኩ፣ እየተገፋፉ፣ አንዱ በሌላው መሃል ያልፋል። ጋዝ ሲሆኑ ግን ሰፊ ሜዳ ላይ እንደተለቀቁ ልጆች ናቸው። ሁሉም በየአቅጣጫው ይበራል። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ቢተን፣ በባሕር ጠለል ላይ 1,700 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ከአንድ የውሃ ኮዳ ብዙ በርሜል ማለት ነው።

ውሃ ለመትነን መፍላት የለበትም። ገመድ ላይ የሰጣችሁት ልብስ ሳይፈላ ይደርቃል። ከላይ ያሉት ፈጣን ቅንጣቶች አንድ በአንድ አምልጠው ይሄዳሉ። መፍላት ሌላ ነገር ነው። ሲፈላ ውሃው ከውስጡ፣ ከድስቱ ታች ጀምሮ እንፋሎት ይሆናል። አረፋ ይሠራል። አረፋው ደግሞ ጠላት አለው፤ ከላይ የሚጫነው አየር። የአረፋው ግፊት ከአየሩ ግፊት ካነሰ ወዲያው ይጨፈለቃል። እኩል ሲሆን ነው መውጣት የሚችለው። ፈላ የምንለው ያኔ ነው።

አየር ክብደት አለው። በባሕር ዳርቻ በእያንዳንዷ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ያህል አየር ይጫናል። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር የምታህል ቦታ ናት። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከእኛ በታች የቀረ ብዙ አየር አለ። የሚጫነን የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የድስታችን አረፋ የሚሸከመው ሸክም ቀለለ። ስለዚህ ቶሎ፣ በ92 ገደማ ይወጣል።

በግርድፉ፣ 300 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ውሃ አንድ ዲግሪ ቀድሞ ይፈላል። ድሬዳዋ ላይ 96 አካባቢ ነው። እንጦጦ ላይ ብትጥዱት 89 ገደማ። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ 85 አካባቢ። ዳሎል ግን ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ ከ100 በትንሹ ያልፋል። አንድ አገር ውስጥ፣ ያው ውሃ፣ በ15 ዲግሪ የተራራቀ ፍል አለን። ይህን ያህል ልዩነት በየቀኑ በድስቷ የምታይ አገር ብዙ አይደለችም። መጽሐፋችን ግን 100 ብሎ ዘግቶታል።

ቁጥሩን ያወጣው የስዊድኑ የሥነ ፈለክ ሰው አንደርስ ሴልሺየስ እንኳ ይህን ያውቅ ነበር። በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ የውሃ መፍያ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አብሮ ጽፏል። የሚገርመው፣ የእሱ መለኪያ የተገለበጠ ነበር። የሚፈላበት 0፣ በረዶ የሚሆንበት 100። ያገላበጡት ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

እናቶች፣ እናንተ ይህን በሌላ ቋንቋ ታውቁታላችሁ። ከቆላ የመጣ እንግዳ “የአዲስ አበባ ሽንብራ አይበስልም እንዴ?” ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነቱን ነው። ንፍሮው በ92 ዲግሪ ነው የሚበስለው፣ የእሱ አገር በ97። ጥራጥሬ ላይ ይህች አምስት ዲግሪ ትልቅ ናት። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር እህቴ መጀመሪያ ሰሞን ምስሩ እየፈረሰ አስቸገራት። እጇ የለመደው የአዲስ አበባን ሰዓት ነው። እዚያ ደግሞ ከተማው ባሕር ጠለል አጠገብ ነው።

ፕሬሸር ኩከር የሚረዳውም ለዚህ ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን ያፍነዋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ አረፋው መውጣት ያቅተዋል፣ ውሃውም ሳይፈላ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ በ1679 ነው የመጀመሪያውን የሠራው።

አሁን ስንት ይላል?

“ዘጠና ሁለት!”

ተመልከቱ። ከፈላ ሩብ ሰዓት ሊሆነው ነው። ምድጃው አልጠፋም። አባታችን፣ ይጨምራል ብለው ነበር። እስኪ ምድጃውን እስከ መጨረሻው ልጨምረው። አያችሁ፣ ውሃው ተንተከተከ፤ ይዘላል። ቁጥሩስ?

“ዘጠና ሁለት ነው። አልተነሳም።”

ወደ ቦታው ልመልሰው። የዛሬው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብዬ ልሂድ።

እሳቱ ያለማቋረጥ ሙቀት እየሰጠ ነው። ውሃው ግን አልሞቀም። ታዲያ ሙቀቱ የት ሄደ?

ይህን ጥያቄ በደንብ የጠየቀው ጆሴፍ ብላክ የሚባል የስኮትላንድ ሐኪምና የኬሚስትሪ መምህር ነው። በ1760ዎቹ መጀመሪያ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ሁለት እኩል ብልቃጦች ወሰደ። በአንዱ በረዶ፣ በሌላው በረዶ ሊሆን የደረሰ ቀዝቃዛ ውሃ አደረገ። በአንድ ቀዝቀዝ ያለ አዳራሽ ሰቀላቸውና ተቀመጠ። ቀዝቃዛው ውሃ በግማሽ ሰዓት አራት ዲግሪ ያህል ሞቀ። በረዶው ቀልጦ ያን ሙቀት ላይ ለመድረስ ግን 10 ሰዓት ተኩል ፈጀበት። አንድ አዳራሽ፣ አንድ አየር፣ 21 እጥፍ ጊዜ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአዳራሹ ወደ በረዶው ሙቀት ሲገባ ነበር። ቴርሞሜትሩ ግን አላየውም። በረዶውን ለማቅለጥ ብቻ ነው የዋለው።

ከዚያ ውሃ በጋለ ብረት ላይ ጣደ። በ4 ደቂቃ ፈላ። ደርቆ እስኪያልቅ 20 ደቂቃ ገደማ ወሰደ። ነገሩ ያው ነው። ብላክ ለዚህ ሙቀት ስም አወጣለት። እኛ ስውር ሙቀት እንለዋለን። እኔ ይህን ስም በጣም እወደዋለሁ። አለ፣ ግን አይታይም።

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያምታታል። “ሙቀት” ስንል ሁለት ነገር ነው የምንለው። አንዱ ቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ነው። መማሪያ መጻሕፍት መጠነ ሙቀት የሚሉት እሱን ነው። ሌላው ከእሳቱ ወደ ድስቱ የሚገባው ጉልበት ነው። ብላክ ያሳየው ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ጉልበቱ እየገባ ቁጥሩ ሊቆም ይችላል። ጉልበቱ ቅንጣቶቹን በማላቀቅ ሥራ ላይ ነዋ። ተያይዘው የኖሩትን አላቅቆ መበተን ዋጋ ያስከፍላል።

ዋጋውን እንየው። የእኛን አንድ ሊትር ከ20 ወደ 92 ለማድረስ 300 ኪሎ ጁል ያህል ወጣ። ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ግን ወደ 2,280 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ከሰባት እጥፍ በላይ! ለመፍላት 8 ደቂቃ ከፈጀበት፣ ለመድረቅ ሌላ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ንግግሬም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጃችን፣ እሱን በዓይንሽ ጠብቂልኝ።

ከዚህ አንድ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ወጥ መፍላት ከጀመረ በኋላ ከሰል ብትጨምሩ ወጡ አይሞቅም። 92 ላይ ነው፣ 92 ላይ ይቆያል። የጨመራችሁት ከሰል ውሃውን ወደ ጣሪያ መስደጃ ብቻ ነው። ከዚያ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ከሰል። የከሰልን ዋጋ ለእናንተ አልነግርም። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ፤ ክደኑት። በቀስታም እየፈላ፣ እየተንተከተከም፣ ሽንብራው የሚያገኘው ሙቀት አንድ ነው።

ቁሌትን ደግሞ አስቡት። ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ስታበስሉ ለረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ አይጠቁርም። ሽንኩርት ውስጥ ብዙ ውሃ አለ። ያ ውሃ እስካለ ድረስ ሽንኩርቱ ከ92 ብዙም አያልፍም። ሙቀቱን ሁሉ ትነቱ ይወስደዋል። ውሃው ሲያልቅ ቶሎ ወደ 140ና 150 ይወጣል፤ ያኔ ነው ቀልቶ ያ ሽታ የሚመጣው። ትንሽ ዞር ካላችሁ ደግሞ ያርራል። “ውሃውን ጨርሷል” የምትሉት ቃል ከማንኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ እኩል ትክክል ነው።

ስለ እንፋሎት አንድ ማስጠንቀቂያ ለልጆቹ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ምጣድ ላይ ያለውን አከምባሎ ሳይነግሩኝ ከፈትኩት። እንፋሎቱ ክንዴን አገኘው። ምልክቱ አሁንም አለ። እንፋሎት ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላል። ቁጥሩ ያው ነው፣ ግን ስውሩን ሙቀት ተሸክሟል። ቆዳችሁ ላይ አርፎ መልሶ ውሃ ሲሆን፣ ሲተን የበላውን ሁሉ እዚያው ያራግፈዋል። ክዳን ስትከፍቱ ከእናንተ ወደ ውጭ ክፈቱ።

ያ መልሶ መስጠት በዓይን የሚታይበት ቦታ አለ። አረቄ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድፍድፉ በእንስራ ይጣዳል፤ አፉ ይመረጋል። ከአፉ ሸምበቆ ይወጣል። ሸምበቆው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይገባል። አልኮል በባሕር ጠለል 78 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ከውሃው ይልቅ እሱ በብዛት ተንኖ ይወጣል። ውሃም ግን አብሮት ይወጣል። ለዚህ ነው ጠንካራ የሚፈልግ ሰው መልሶ የሚያወጣው፤ ዳግም አረቄ የሚባለው።

እኔን የሚማርከኝ ግን ያ ዕቃው የተነከረበት ውሃ ነው። እሳት አጠገቡ የለም። ቢሆንም ይሞቃል። አረቄ የምታወጣው ሴት በየጊዜው ትቀይረዋለች። ካልቀየረችው እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽ አይመለስም፤ ያመልጣታል። ከማገዶው ወደ ድፍድፉ የገባው ስውር ሙቀት በሸምበቆው ተጉዞ እዚያ ውሃ ውስጥ ወጣ ማለት ነው። እንጨት ላይ የነበረ ሙቀት በጋዝ ጀርባ ተጭኖ ሄደ። ጄምስ ዋት እዚያው ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። ትንሽ እንፋሎት ያን ያህል ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ማሞቁ አስገረመው፤ ምክንያቱን ያስረዳው ብላክ ነው። በ1765 እንፋሎቱን ለብቻው የሚያቀዘቅዝ ክፍል አሰበ። የእንፋሎት ሞተር ከዚያ በኋላ የፋብሪካ ሞተር ሆነ። አረቄ አውጪዋ የምትቀይረው ውሃና የዋት ሐሳብ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

አረቄ ማገዶ የሚበላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማፍላቱ ትንሹ ወጪ ነው። ማትነኑ ነው ደን የሚጨርሰው።

ሙቀት የሚበላ ነገር ያቀዘቅዛል። የሸክላ እንስራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው በጥቂቱ ያልባል፤ ላቡ ይተናል፤ የሚተንበትን ሙቀት የሚወስደው ከውስጥ ካለው ውሃ ነው። ፕላስቲክ ጀሪካን አያልብም፣ አያቀዘቅዝም። ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር ላይ የምናደርገው እርጥብ ጨርቅም ያው ነው። ቡታጋዝ ያላችሁ ደግሞ ሲሊንደሩን አንስታችሁ ብትነቀንቁት ሲንቦጫቦጭ ትሰማላችሁ። ውስጡ ፈሳሽ ነው። በግፊት ታፍኖ ፈሳሽ ሆኗል። ስትከፍቱት እየፈላ ጋዝ ይሆናል። ለረጅም ሰዓት ካበሰላችሁበት ሲሊንደሩን ንኩት፤ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዴ ላብ ያወጣል። በአንድ በኩል እሳት እየነደደ፣ በሌላ በኩል ዕቃው ይበርዳል።

ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጣ ሰው አለ እዚህ? አለ። እንግዲህ ውርጭን አንተ ንገረን። “ውርጭ ወረደ” እንላለን። ግን ከሰማይ የሚወርድ ነገር የለም። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች። ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ያስቀርላት ነበር። ቅጠሉ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል፤ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ያኔ አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ቅጠሉን ሲነካ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ይሆናል። ከጋዝ ወደ ጠጣር፣ መሃሉን ዘሎ። ባቄላውን የሚገድለው ግን ላዩ ላይ ያለው ነጭ ነገር አይደለም። ቅጠሉ ውስጥ የሚሠራው በረዶ ነው፤ የቅጠሉን ውሃ እየሳበ ያደርቀዋል። ጠዋት ተመቶ ጠቁሮ የምታገኙት ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ፍሎሪዳ የብርቱካን ገበሬዎች በእንዲህ ያለ ሌሊት ዛፎቻቸው ላይ ውሃ ይረጫሉ። መጀመሪያ ሳነበው እብደት መሰለኝ። ግን አስቡት። ውሃ በረዶ ሲሆን ሲቀልጥ የበላውን ሙቀት መልሶ ይሰጣል። ውሃው ሳይቋረጥ እየተረጨ እየረጋ እስካለ ድረስ ዛፉ ዜሮ ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ብዙ አይወርድም። ብርቱካኑ ዜሮን ይችላል። በበረዶ ከብርድ ያድኑታል።

ስለ መቅለጥ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። ስኳር ሻይ ውስጥ “ቀለጠ” እንላለን። ሟሟ ነው ትክክሉ። ሲሟሟ ውሃው ነው ቅንጣቶቹን የሚበትናቸው። ሲቀልጥ ሙቀት ነው። ጨው ወጥ ውስጥ በደቂቃ ይሟሟል፤ ለመቅለጥ ግን 801 ዲግሪ ይፈልጋል።

መቅለጥን እውነት ከሚያውቁት ሰዎች የተማርነው ደግሞ ትልቅ ነገር አለ። ሰምና ወርቅ። ቅኔ ስንል እናነሳዋለን፤ ከየት እንደመጣ ግን እንረሳዋለን። ከአንጥረኛ ቤት ነው የመጣው። አንጥረኛው መጀመሪያ ጌጡን በሰም ይቀርጻል። በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲደርቅ ያሞቀዋል። ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይፈሳል። በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስሳል። የንብ ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ወርቅ 1,064 ላይ። በሁለቱ መሃል አንድ ሺህ ዲግሪ አለ፤ ጭቃው ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል ጠጣር ሆኖ ይጠብቃል። ሦስት ነገሮች፣ በተለያየ ሙቀት፣ አንዱ ሲፈስ ሌላው ቆሞ። ይህ ባይሆን ቅኔያችን ሌላ ስም ይፈልግ ነበር።

ጥያቄ ካለ ልቀበል።

(አንዲት እናት ተነሱ።) “ልጄ፣ ውሃ በ92 የሚፈላ ከሆነ ተሐዋስያኑ ይሞታሉ ወይ? ለሕፃን የምናፈላው ይበቃል?”

እማማ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ይበቃል። በሽታ የሚያመጡት ተሐዋስያን ከዚያ በታችም ይሞታሉ። ግን ሰዓቱን ይጠብቁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚመክረው፣ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ማቆየት ነው። ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ላለ ቦታ ግን ሦስት ደቂቃ። እኛ ከሦስት ደቂቃዎቹ ወገን ነን። ብቅ ብቅ ሲል አይደለም፤ በደንብ ከፈላ በኋላ ነው የሚቆጠረው።

(አንድ ልጅ።) “ጋዝ አይታይም ተብሎ ተምረናል። ከጀበናው የሚወጣውስ? ይታያል።”

ና ቅረብ። ድስቱን ከጎን እየው። ከውሃው ወለል በላይ ጥቂት ጣት ያህል ምንም የማይታይ ቦታ አለ። ከዚያ በላይ ነው ነጩ የሚጀምረው። የማይታየው ነው እንፋሎቱ። ነጩ አየር ውስጥ ቀዝቅዞ መልሶ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ የሆነው ነው። ጉምና ደመናም እንደዚያው ጠብታ ናቸው። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ የጀበናውን አፍ ከጎን ተመልከት፤ እዚያም ባዶ የመሰለ ቦታ ታገኛለህ። ግን ጣትህን አታስገባ።

(አንዲት ተማሪ።) “ለብል ተብሎ ልብስ መሃል የሚቀመጠው ነጭ ኳስ የት ይሄዳል? ሳይረጥብ ያልቃል።”

እሱም እንደ ውርጭ መሃሉን የሚዘል ነው፤ በተቃራኒው አቅጣጫ። ከጠጣር በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። ሽታው ራሱ እሱ ነው። ቁም ሳጥኑን ስትከፍቺ የሚሸትሽ ከኳሱ ተላቅቆ የበረረው ቅንጣት ነው። ሽታው መርዝነት ስላለው ሕፃናት ካሉበት ቤት ይራቅ።

ሰዓታችን ሞልቷል። ልጃችን፣ ድስቱ እንዴት ነው?

“ውሃው ሊያልቅ ነው። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ብቻ ነው ውስጥ ያለው።”

ስንት ይላል?

“ዘጠና ሁለት።”

ምድጃውን ላጥፋው። ከኋላ የነበሩት አባት ተነስተው መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ቴርሞሜትሩን ፎቶ አነሱ።